ባሌና አንካሳው ዳማ

በተጋባን በዓመቱ ባሌ ደጋ ካለው የአባቱ ቤት አንድ ዳማ ፈረስ ይዞ ወደምንኖርበት ቆላ፣ ወደ ኮኪት ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሁለተኛ ሆንኩ። ከሰሊጥ ማሳ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፈረሱ ነው፤ አንገቱን ይዳብሰዋል፣ ያወራዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ዋልሽ?» የሚለኝ።

ክረምቱ እንደገባ ዳማው በግራ የፊት እግሩ ማነከስ ጀመረ። ዛሬ ያነክሳል፣ ነገ ደህና ይሄዳል። እብጠት የለው፣ ቁስል የለው። ባሌ ጠዋት ጠዋት የጨው ውሃ እያሞቀ ቅልጥሙን ያሸዋል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል። እኔው ባነደድኩት እሳት የሞቀው ውሃ በአጠገቤ አልፎ ወደ በረት ሲሄድ አያለሁ። በፈረስ ቀናሁ ብል ማን ይሰማኛል? ግን ቀንቻለሁ።

ገንዳ ውሃ ከተማ ወስዶ ለእንስሳት ሐኪም አሳየው። ሐኪሙ ከትከሻው ጀምሮ እግሩን ወደ ታች ዳስሶ፣ «ጅማቱ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መርፌ ወጋው። ሳምንት ያህል ተሻለውና እንደገና አነከሰ።

እኔ ግን ውሃ ሊያጠጣው ሲስበው አንድ ነገር አይቻለሁ። ለስላሳው ዋልካ አፈር ላይ ፈረሱ ደህና ይራመዳል፤ የመኪናውን መንገድ ጠጠር ሲረግጥ ነው የሚያነክሰው። ሰው ሁሉ ላይ ላዩን ሲያሽ፣ ሕመሙ ሰኮናው ውስጥ እንደሆነ ገባኝ። አልተናገርኩም። ተስፋ ቆርጦ ይሸጠው ይሆናል አልኩ በሆዴ።

አንድ ጠዋት ባሌ በጋለ ብረት የሚተኩሱ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የፈረሱን ትከሻ ሊተኩሱ ነው። ብረቱ እሳት ውስጥ ቀልቷል፤ ዳማው ምንም ሳያውቅ ቆሞ ዝንብ ያባርራል። ያኔ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ይቆዩ! ሕመሙ ትከሻው ላይ አይደለም።»

ባሌ ዞሮ አየኝ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጠጠር ላይ ብቻ ነው የሚያነክሰው። እስቲ ሰኮናውን እዩት።»

ሽማግሌው ብረቱን ትተው እግሩን አነሱ፤ የሰኮናውን ሥር በአውራ ጣታቸው ይጫኑት ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ፈረሱ እግሩን መነጨቃቸው። እዚያው ላይ በቢላ ቢፍቁት ጥቁር መግል ፈሰሰ፤ ከመግሉ ጋር የግራር እሾህ ስባሪ ወጣ።

ባሌ የፈረሱን አንገት አቅፎ እንባው መጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መቼ ነው ያየሽው?» አለኝ።

«ትናንት» አልኩት። ካየሁት ግን ወር አልፎኝ ነበር።

ዳማው በሁለት ሳምንት ዳነ። ባሌ ላገኘው ሰው ሁሉ «ያዳነችው እሷ ናት» እያለ ያወራ ነበር፤ ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ቅናቱም ቢሆን አልለቀቀኝም። ባሌ እኔን ሲያሞግስ እንኳ እጁ ያለው ፈረሱ ጀርባ ላይ ነበር።