እትዬ ዘነቡ ያልቆጠሩት ዶሮ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ የናሆም እጮኛ ቤቲ አንድ ካርቶን ታቅፋ ከአዲስ አበባ ማልዳ መጣች። ስጦታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምሳችንን የምታበስልበት ድስት ኖሯል። ክዳኑ መስታወት፣ ሆዱ ሸክላ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቀስ እያለ የሚያበስል ዕቃ ነው። የዶሮ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ድልህ፣ ማር፣ ኮምጣጤና ትንሽ በርበሬ ጨመረችበትና ከደነችው። «እማማ፣ ከእንግዲህ እሱን መርሳት ነው» አለችኝ። ዶሮ እሳት ላይ ጥዶ መርሳት ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ ስለማውቅ ሳቄ መጣ።

ደግነቱ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። ጣፋጭና የሚያቃጥል ሽታ ቤቱን ሞልቶ ደጅ ድረስ ሲወጣ ባለቤቴ ታደሰ ጋዜጣውን ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ በኩሽና በር በኩል አለፈ። ቤቲ ክዳኑን ከፍታ ሥጋውን በሁለት ሹካ ስትይዘው እንደ ጥጥ ተበታተነላት። በፍጥነት ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ብልቱ አይታወቅም፤ አሠራሩ ነው እንጂ...» አለች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ። ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ፣ በዚሁ ከተማ፣ በእኔም ፊት ላይ ነበር።

ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ቤታችን ከገበያው ጀርባ ነው፤ በጥር ንፋሱ አቧራውን ይዞ ሲመጣ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ታደሰ ወንጂ፣ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጣ ከጓደኞቻችን ጋር ሶደሬ እንወርዳለን፤ ፍል ውሃው ውስጥ ገብተን ስንወጣ እንራባለን፣ ያመጣውን ሸንኮራ እየላጥን አዋሽ ዳር እንቀመጣለን። እወደው ነበር። ዛሬም ጋዜጣውን ኩሽና ድረስ ይዞ ሲንጎራደድ እወደዋለሁ፤ ቀን በቀን አልነግረውም እንጂ።

ችግሩ አክስቱ ነበሩ። እናትና አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ሽማግሌ የሚልኩለትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ በወንጂ ሰፈሮች ሁሉ የታወቁ ዶሮ ቆጣሪ ናቸው። ዶሮ በደንቡ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል፤ ሰርግ ይሁን ክርስትና፣ ወጡ ሲቀርብ እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን አንስተው «ፈረሰኛው ይኸው፤ መላላጫው ይኸው፤ ክንፉስ?» እያሉ ይቆጥራሉ። አንዷን ሙሽራ «አንገቱ የት ገባ?» ብለው በእንግዳ ፊት አስለቅሰዋታል ይባላል። እንግዲህ እኒህ ሴት ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት የልጅቷን ሙያ ልየው ብለው እሑድ ለምሳ እንደሚመጡ አስታወቁ። እናቴ እህቷን ልታርስ ደብረ ብርሃን ሄዳለች። እሑዱን የመረጡትም ይህንኑ ሰምተው ነው፤ እናቴ ካለች የሚያዩት የእናቴን ሙያ ነዋ።

ማትሪክ ስፈተን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ታላቅ ወንድሜ መኮንን ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር። ዶሮውን ከገበያ የገዛው እሱ ነው፤ ቀይ፣ ግዙፍ አውራ ዶሮ። በትልቅነቱ ተመክቶ አመጣው እንጂ ዕድሜውን አልጠየቀም፤ ለእኔ ታላቄ ሳይሆን አይቀርም። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤታችን ጫልቱ ልታግዘኝ መጣች። «አካም ቡልቴ» ብላ፣ ደህና ማደሬን ጠይቃ ገባችና የዶሮውን እግር ጨብጣ አየችው። «ጥሩዬ፣ ይኼ እኮ ሽማግሌ ነው። ቶሎ ካልጣድነው አይበስልልሽም።»

ብልቱን ሳወጣ፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። በሎሚና በጨው አጠብኩት፤ ጫልቱ ቆጠረች፣ እኔ ቆጠርኩ፣ ሙሉ ነው። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ዶሮው ከገባ በኋላ ከሰሉ ላይ አመድ ነሰነስንበት፤ እሳቱ ለዘብ ብሎ፣ እኔ ቅዳሴ ሄጄ እስክመለስ ቀስ ብሎ እንዲበስል ነው። ጫልቱም ወደ ቤቷ ሄደች። ሐሳባችን የሚያስመሰግን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አባባ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ኩሽና ብቅ ሲል አመዱን ያያል፤ እሳቱ ጠፍቶባታል፣ ምስኪን ልጄ ብሎ ከሰል ይጨምራል። መኮንን ትኩስ ዳቦ ተሸክሞ ይገባል፤ እሱም ለእህቱ አዝኖ ይጨምራል። ጫልቱ በአጥሩ ዘልቃ መጥታ፣ እሷ ደግሞ ጨምራ ታራግበዋለች። ሦስቱም ደግ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ ቢነግረው ምን ነበረበት።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ክዳኑን ከፈትኩና ጭልፋ ሰደድኩ። አንድ አጥንት ብቻውን ራቁቱን ወጣ። ደግሜ ሰደድኩ፤ ሌላ አጥንት። ሥጋው ወጡ ውስጥ ሟሙቶ፣ ወጡም ተመጦ፣ ፈረሰኛው ከክንፉ የማይለይ ቀይ ገንፎ ሆኗል።

«ማነው እሳቱን የነካው?» አልኩ።

«እኔ ትንሽ ነው የጨመርኩት» አሉ ሦስቱም በአንድ ጊዜ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የታየኝ እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን አንስተው የሚቆጥሩት ሲያጡ፣ ታደሰም አንገቱን ደፍቶ ተከትሏቸው ሲወጣ ነው። ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። «እንጀራ ላይ ካወጣሽው ብልቱን ይፈልጉታል። የማይፈልጉበት ቦታ እንክተተው።»

ዓይኔ የመኮንን ዳቦ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። አጥንቱን ለቅመን አወጣን፤ ሥጋውን በሹካ በታተንነው። ብቀምሰው ምላስ ያቃጥላል፤ ቲማቲም ከተፍኩበት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ አሁንም ያቃጥላል። ታደሰ ያመጣልን ስኳር ነበርና አንድ እፍኝ በተንኩበት።

«ዶሮ ላይ ስኳር?» አለች ጫልቱ።

«ከወንጂ አይደል የሚመጡት» አልኳት። ምን እንደምል እንኳ አላውቅም ነበር።

ዳቦውን እየሰነጠቅን ስንሞላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነቡ ረጅም፣ ቀጭን፣ አቧራ እንኳ የማይደፍራቸው ሴት ናቸው። ታደሰ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ እንዴት ነው ይለኛል። እጅ አስታጥቤ ሳህኑን አቀረብኩ። ዳቦውን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

መኮንን ደረሰልኝ። «ዶሮ ነው እትዬ። እዚህ ትልልቁ ሆቴል እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ሳንዱች ይባላል።»

ቆረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ጣታቸው ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሣም። ሌላ ቆረሱ። አባባ ስለ ንፋሱ ጨዋታ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። የመጨረሻዋን ቁራሽ ዋጥ አድርገው ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«አንድ ጨምሪልኝ።»

ሁለተኛውንም ጨረሱ። ሰሃን ላነሣ ወደ ኩሽና ስገባ ተከትለውኝ ገቡና በሩን ዘጉ። የአጥንቱ ጎድጓዳ ሳህን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ አለቀልኝ አልኩ። «እትዬ፣ ሙሉ ነበር፤ ማርያምን፣ እሳት በዝቶበት ነው» አልኳቸው። አጥንቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ፊት ለፊት ካሉት ከጥቂቶቹ በቀር ጥርስ የላቸውም።

«ዶሮ ከበላሁ ስንት ዓመቴ፣ ልጄ» አሉኝ። «በየድግሱ ፈረሰኛ ያወጡልኛል፤ ለልጆች አጎርሰዋለሁ። ሰው ጣቴን ሲያይ አፌን አያይም ብዬ ነው የምቆጥረው።» ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። «ለታደሰ እንዳትነግሪው። ቅር ይለዋል፤ ከዚያ ሁሉ ድግስ ጦሜን ስመለስ ነበር።» የተረፈውን በወረቀት ጠቀለልኩላቸው። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ።

እትዬ ዘነቡ ካረፉ ቆዩ። ነፍሳቸውን ይማርና ምስጢራቸውን ጠብቄያለሁ፤ ታደሰ ይህን ሲያነብ ይወቀው፣ አሁን አያሳፍራቸውም። የነገርኳችሁም ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔንም አብሮ ይወቀው፤ እኔም የታችኛው ጥርሴ ካለቀ ሰንብቷል። የተሠራልኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስለማይስማማኝ ማዕድ ላይ በመሐረብ ጠቅልዬ እደብቀዋለሁ። «ሥጋ ከበደኝ፣ እናንተ ብሉ» እያልኩ ለታደሰ አጎርሳለሁ፤ እሱም ፍቅር እየመሰለው ይጎርሳል። ፍቅርም አይጠፋበትም።

ቅዳሜ ዕለት ቤቲ ሥጋውን የከተተችባትን ዳቦ ስትሰጠኝ ከድድ እስከ ጉሮሮዬ ያለ ችግር ወረደችልኝ። ማርዋ፣ በርበሬዋ፣ ሁሉም ነገሯ ያንን እሑድ አመጣብኝ። ሳህኔን ዘረጋሁ። «አንድ ጨምሪልኝ» አልኳት። ናሆም ቀና ብሎ አየኝ፤ ሁለተኛ ጨምሩልኝ ካልኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

ምሳው አልቆ ቤቲ ሰሃን ልታጥብ ስትገባ ተከትያት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ልጅቷ ደንግጣ ማጠቢያው ላይ ተደገፈች፤ ፈተናው ገና መሰላት። ከንፈሬን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። አየችኝ፤ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ገባትና እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች።

«ለናሆም እንዳትነግሪው» አልኳት። «ድስቱን ግን እዚሁ ትተሽው ሂጂ።»