የታናሹን ጀርባ ያጠበው ሰው

ሆላንድ፣ ስኬቨኒንገን የባሕር ዳርቻ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም አግብታ አምስተርዳም ኒው ዌስት ከገባች ወዲህ፣ ዘ ሄግ ባለው ቤቴ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን በዛ። ሥራ ቦታም ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ብዙ አያወራም።

ብርድ በገባ ሰሞን አንድ ሞንጎሊያዊ ተቀጠረ። አርባ ዓመት የሚጠጋው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ የሚራመድ ሰው ነበር። የምንግባባው በተሰባበረ ደችኛ ነው። ትልልቁን አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ አለቃችን እኔን ከሱ ጋር መደበችኝ። ጫፍና ጫፉን ይዘን እንቀራረባለን፣ እናጣጥፋለን፣ ደግሞ እንራራቃለን። ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርን አይመስለኝም።

አንድ ቀን እርጥብ አንሶላ የጫነ ጋሪ ጎማው ተሰብሮ በሩ ላይ ተሰነቀረ። ሦስት ሆነን ብንታገለው አልነቃነቅ አለ። እሱ መጣና ዝቅ ብሎ፣ እግሮቹን ከመሬት ሳያነሳ እያንሸራተተ ገፍቶ አስወጣው።

"እንዲህ መግፋት የት ተማርክ?" አልኩት።

"ጃፓን። ሱሞ እታገል ነበር" አለኝ፤ እንደ ማንኛውም የተወው ሥራ አድርጎ።

"ታዋቂ ነበርክ?"

"አይ። ከታች ነበርኩ።"

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ያወጋኝ ጀመር። ሱሞ ስድስት እርከን አለው አለኝ። ደመወዝ፣ የራስ ክፍልና አገልጋይ ያላቸው የላይኞቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ በታች ያለው መሬት ይወለውላል፣ ለሁሉም ያበስላል፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተደርድሮ ይተኛል። ገና ጀማሪው በበረዶም ቢሆን የሚለብሰው ስስ የጥጥ ልብስ ነው፤ ካፖርት መደረብ የሚፈቀደው ከፍ ሲል ነው። ውድድሩ ሲያበቃ ያሸነፍከው ግጥሚያ ከተሸነፍከው ከበለጠ ትወጣለህ፣ ካነሰ ትወርዳለህ። ትናንት ማን እንደነበርክ የሚጠይቅህ የለም። የማይወርደው ከሁሉ በላይ ያለው ባለማዕረግ ብቻ ነው፤ እሱም ማሸነፍ ሲያቅተው ራሱን ያሰናብታል።

"የኛ ግጥሚያ ጠዋት ነበር" አለኝ። "ሕዝቡ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ለትልልቆቹ ነው። ጠዋት አዳራሹ ባዶ ስለሆነ፣ ስወድቅ ድምፁን እሰማው ነበር።"

አንድ ጊዜ ደመወዝ ካለው እርከን ደጃፍ ደርሶ ነበር። አንድ ድል ብቻ ቀረው። በዚያ ግጥሚያ ጉልበቱ ከዳው። ሕመም ላይ ሳለ ያመለጡት ግጥሚያዎች እንደ ሽንፈት ተቆጠሩበትና ለዓመታት የወጣውን በጥቂት ወራት ወረደው።

አብረው በሚኖሩበት የማሠልጠኛ ቤት አንድ የአገሩ ልጅ ነበር፤ በኋላ የመጣ። ለዚያ ልጅ መጥረጊያ አያያዝና ሩዝ መቀቀል ያስተማረው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጁ አገሩ ሲናፍቀው ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ የሚያለቅሰውም ከሱ አጠገብ ነበር። ያ ታናሽ ደመወዝ ወዳለው እርከን ቀድሞት ወጣ። አሠልጣኙ ታላቁን የታናሹ አገልጋይ አደረገው፤ መቀመጫ ትራሱን ይሸከማል፣ መታጠቂያውን ያስራል፣ ጀርባውን ያጥባል።

"አልከበደህም?" አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠ። "ማጠቡ አልከበደኝም። የከበደኝ የሱ ማፈር ነው። በሩ ሲዘጋ 'ወንድሜ' ይለኛል፤ ሲከፈት ግን ማዘዝ ነበረበት።"

በመጨረሻ፣ የሱሞ ታጋዮች ሲሰናበቱ እንደሚያደርጉት ቁንጮውን አስቆርጦ ሮተርዳም ወደምትኖረው እህቱ መጣ። እሷ ግን ብዙም ሳትቆይ ባሏን ተከትላ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እሱ ብቻውን ቀረ።

ሁለታችንም ከሥራ እረፍት በነበርንበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ጠራኝ። ታናሹ የሚገጥምበት ቀን ነበር፤ ጃፓን ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ እኔ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር አየን። ታናሹ ጨው በትኖ ወደ ክቡ የአፈር መድረክ ሲገባ እሱ ጀርባውን ቀጥ አደረገ። ግጥሚያው ምኑም ሳይገባኝ አለቀ። ታናሹ ከመድረኩ ተገፍትሮ ወደቀ፣ ቶሎም መነሳት አቃተው።

"ጉልበቱ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ማድቤቱ ገባ።

ዶሮና ጎመን የተቀቀለበት፣ ቤተሰብ የሚያጠግብ ድስት ይዞ ወጣ። ለሁለት ሰው መመጠን እንደማይችልበት ነገረኝ። ስንበላ ክፍሉን ዞር ብሎ አየና፣ "ያኔ የምመኘው የራሴን ክፍል ነበር። ይኸው አገኘሁ። የሰው ትንፋሽ ካልሰማሁ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም" አለ።

እኔም ሬዲዮ ከፍቼ እንደምተኛ ነገርኩት። ይህን ለልጄም ነግሬያት አላውቅም።

የጸደይ ወራት ሲመጣ ታናሹ ከውድድር ተሰናበተ። ለቁንጮ መቁረጫው ሥነ ሥርዓት ታላቁን ጠራው፤ እሱም ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። እንግዶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ከጸጉሩ በመቀስ ቆንጠር እንዳደረጉ፣ የሱ ተራ ሲደርስ ታናሹ ትከሻው እንደተንቀጠቀጠ ነገረኝ።

"ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። አብረን እንሥራ ብሎኛል። አልመለስም" አለ።

"ደስ ብሎኛል" አልኩት። እውነቴን ነበር። ስልኩን ዘግቼ ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር። ስለ ምግብ ቤቱ፣ ታናሹ ሳህን አጥቦ እንደማያውቅና አሁን እንደሚያስተምረው እየነገረኝ እንስቅ ነበር። እያደር ግን ደችኛው ጠፋበት። ቃል ይጀምርና ይቆማል፤ እኔ እገምትለታለሁ፤ የገመትኩት ሊል የፈለገው ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም። ሌላ የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። ባለፈው ሲደውል ደህና መሆኑን ነገረኝ፣ ደህና መሆኔን ነገርኩት። ከኋላው ሳህን ሲንኳኳና ሰዎች ሲጠራሩ ይሰማል። ሁለታችንም የምንለው አጥተን ስልኩን ይዘን ቆየን፤ በኋላ አንድ ሰው ጠራውና ተሰናብቶኝ ሄደ።