ጓዳ ገብቼ ያለውን ስጠራ

በ1955 ዓ.ም. ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሳይደርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማካፈል ሥራ ተጠራሁ። ቦታው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። ባልና ሚስት ሲፋቱ ንብረቱን የሚያካፍሉት ሽማግሎች ናቸው፤ ግን ወንድ የሰው ጓዳ አይገባም። ስለዚህ ቃሏ የታመነ ሴት ይፈልጋሉ። እኔ ባሌ የሞተብኝ የአራት ልጆች እናት ነበርኩ። አገውኛም አማርኛም እችላለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መረጡኝ።

የሽማግሎቹ ሰብሳቢ አባ ዘለቀ ደጅ ላይ ሥራዬን ነገሩኝ። «ያለውን ሁሉ በየስሙ ጮክ ብለሽ ትጠሪያለሽ። አትደብቂ፣ አትጨምሪ። ይህን ውሰጂ፣ ያን ተዪ ብለሽ ግን ማንንም አትምከሪ። ከመከርሽ ሁለተኛ አንጠራሽም።»

ደንቡ ባል ንብረቱን በሁለት ይከፍላል፣ ሚስት ትመርጣለች ነው።

ጓዳው ቶሎ አለቀ። ጋኑን፣ እንስራውን፣ ወንፊቱን፣ ቁርበቱን እየጠራሁ አወጣሁ። ባልየው አለሙ በሁለት ደለደለው፤ ሚስቱ የሺ መረጠች። ከጎረቤት የተበደሩት የዘር ገብስ ደግሞ ነበረባቸው።

«የተበደርሽው አንቺ ነሽ» አላት።

«የዘራኸውስ አንተ አይደለህም? አብረን በላነው፣ አብረን እንከፍላለን» አለችው።

ሽማግሎቹ ዕዳውን እኩል አሸከሟቸው።

የቀረው የጓሮው ቀርከሃ ነው። የሺ በእጇ የተከለችው ነበር። ከዚህ ወጥታ የምትገባው ወንድሟ ቤት ነው፤ እንጅባራ ገበያ ቀርከሃ ካልሸጠች የወንድሟን ሚስት እጅ ስታይ መኖሯ ነው።

አለሙ መሀሉ ላይ መጫኛ ዘረጋ። የላዩ ወገን ወፍራምና ረጅም፣ የታቹ ቀጭን ነበር። የየሺ ዓይን ወደ ላዩ ሄደ።

«ጥሪ» አሉኝ አባ ዘለቀ።

ገባሁ። ቀና ስል የላይኛው ጫፍ ላይ እንደ አጃ ራስ የተንጠለጠለ ነገር አየሁ። ቀርከሃ አንዴ ካበበ ከነሥሩ ይደርቃል፣ ዳግም አያቆጠቁጥም። ዝም ብል መደበቅ ነው። ብናገር መምከር ሊባልብኝ ነው። ማርያምን ይዤ ጠራሁ።

«ታችኛው፣ ቀጭን ቀርከሃ፣ አዲስ ቡቃያ ያለው። ላይኛው፣ የበሰለ ቀርከሃ፣ አበባ ያለው።»

«እቴ፣ ንብ ነሽ እንዴ?» አለኝ አለሙ። «አበባ ፈልጊ ማን አለሽ?»

«ያለውን ሁሉ ጥሪ ተብያለሁ።»

አባ ዘለቀ ሳቅ አሉ። «ያልናትስ እኛ ነን።»

የሺ ወደ ላይ አንጋጣ ቆየች። ከዚያ «ታችኛውን» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ ብዙ ጓዳ ገብቻለሁ። ሽማግሎቹ እኔ ሳልደርስ ማካፈል አይጀምሩም ነበር፤ ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል። ዛሬ በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው አንድ ነው። ያለውን ሁሉ ጥሩ፤ ምርጫውን ለባለቤቱ ተዉ።

በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ማግስት ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ፣ የሺ ከታችኛው ወገን ከነሥሩ የተነቀለ ቀርከሃ ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች። ለሥራዬ ዋጋ አልቀበልም አልኳት።

«ዋጋ አይደለም» አለች። «ተክል ነው።»

ልጆቼን ቀስቅሼ ጓሮ ጉድጓድ ቆፈርን። ተከልኩት።