ቁጥር የሌለው ሪፖርት

የጣቢያውን ጸሐፊ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፖሊስ ሪፖርት ስትተይብ አንድ ነገር ሲያንገበግባት ኖሯል፤ ሪፖርቱ ላይ ሰዓቱ አለ፣ የመኪናው ሰሌዳ አለ፣ የሟች ዕድሜ አለ፣ የጻፈው ፖሊስ የተሰማው ግን የለም! ስለዚህ የራሷን ሥርዓት አወጣች። ክፉ ነገር አይቶ የመጣውን በሩን ዘግታ ታስቀምጠውና «በል፣ አሁን ደግሞ የአንተን» ትለዋለች። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትተይባለች። ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው። ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ ቢፈልግ ይቅደደው።

የዛሬው ባለጉዳይ ትራፊክ ፖሊሱ ነው፤ «ብረቱ» የሚሉት። ከሚነድ ሚኒባስ ሕፃን አውጥቶ እናቷን ማውጣት ካቃተው አሥር ቀን ሆኖታል። የስንብት ማመልከቻ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ማኅተም አድርጊበትና ለአዛዡ አስገቢልኝ።»

«አስገባለሁ፤ መጀመሪያ ቁጭ በል።»

«ደህና ነኝ እኮ!»

«ደህና ሰው መች ሥራዬን ልልቀቅ ይላል? ቁጭ በል ብዬሃለሁ!»

ተቀመጠ። መጀመሪያ እንደ ሪፖርት አወራ፣ ቀስ በቀስ ግን እንደ ሰው። «እጇን ይዣት ነበር፣ እትዬ። እሳቱ ሲያቃጥለኝ ለቀቅኳት» አለና ያ ግንድ የሚያህል ሰው ተንሰቀሰቀ። እሷም እያለቀሰች ተየበች።

ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። እሷ በለመደ እጇ ከፊቷ ያገኘችውን ወረቀት አንስታ ማኅተሙን ዷ አደረገችበት፤ ወስዳም አዛዡ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ስትመለስ ማመልከቻው ቦታው ላይ ፈጦ ጠበቃት።

«ወይኔ ጉዴ! አለቀልኝ!»

ብረቱ በሩ ላይ ቆሟል። መዋሸት አማራት፣ ግን አልሆነላትም። «ልጄ፣ ተሳስቼ በማመልከቻው ፋንታ አሁን የነገርከኝን ለአዛዡ አስገባሁት!»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። በዚያ ጣቢያ «ይሄ ሰው ተረብሿል» የተባለ ፖሊስ ሁለተኛ ለሥራ አይታመንም፤ መሳቂያም ይሆናል። ተያይዘው ኮሪደሩን በሩጫ! አንድ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ ማን ዘወር ብሎ ሊያየው!

መንገድ ላይ አዛዡ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ተገጣጠሙ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«የተየብሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ ጌታዬ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱን አይንኩብኝ!»

አዛዡ ወረቀቱን አጥፎ ለብረቱ መለሰለት። «ከእኔ ሌላ ያየው የለም» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአለቃም ትጽፊያለሽ?»

«እንዴታ!» አለች፤ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ነው።

«የእኔ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ለሚስቴም አልነገርኳት።»

ሦስቱም ቢሮዋ ገቡና አዛዡ ተቀመጠ። ብረቱ ቀስ ብሎ ሊወጣ የበሩን እጀታ ያዘ።

«አትሂድ» አለው አዛዡ።

ብረቱ በሩን ከውስጥ ዘጋና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።