ከሮም ስቶክሆልም ሦስት ሰዓት

ከአገር የወጣሁ ማታ እናቴ ስለ ሻንጣዬም ስለ መንገዴም ምንም አላለችም። በሩ ላይ እጄን ይዛ፣ «ሜሮንን አደራ፤ ክፉ ነገር ብቻዋን እንዳትሰማ» ብቻ አለችኝ። ታናሽ እህቴ ሜሮን የአባታችንን ሞት የሰማችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ከጎረቤት ልጅ አፍ ነው። እናቴ ይህ እንደ ቆረቆራት ኖረች።

ከዚያ ተበታተንን። እኔ ውቅያኖስ ተሻግሬ ብሩክሊን ፓርክ፣ ወንድማችን ሲሳይ ሮም፣ ሜሮን ስቶክሆልም ብቻዋን። ከሮም ስቶክሆልም በአውሮፕላን ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ስንንገላታ ላደግን ሰዎች ሦስት ሰዓት ምን አላት? እኔ ብሆን በየወሩ እሄድ ነበር እያልኩ ሲሳይን ስነዘንዘው ኖሬአለሁ። እሱ ግን ዛሬ ሥራ፣ ነገ ወረቀት እያለ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አያውቅም።

እዚህ አገር ሳይደውል የሰው በር የሚያንኳኳ የለም። ስለዚህ አንድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ በሬ ላይ ቆመው ሳይ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩ። እናቴ ሞታለች። ደሴ ቀብረዋታል። ሲሳይንም ሮም ያሉት ያገር ልጆች አርድተውታል።

ለቅሶዬ ጋብ ሲል ሜሮን ትዝ አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነምና ጠበቃዬ ዘንድ ሄጄ፣ ስቶክሆልም ደርሼ መመለስ እችል እንደሆነ ጠየቅኩት። መሄዱን ማንም አይከለክልሽም፣ መመለሱ ነው ችግሩ አለኝ። ኢመርጀንሲ ነው አልኩት። ለቀብር ነው ወይ ሲለኝ፣ ተቀብራለች አልኩት።

«ታዲያ ምኑ ነው ኢመርጀንሲው?»

«እህቴ አልሰማችም።»

የጠረጴዛውን ስልክ ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። ያን ጊዜ ግን ከዚህ አገር ጋር መቼም እንደማንግባባ ገብቶኝ ተስፋ ቆረጥኩ።

እንግዲህ ወንድሟ ሄዶ ያርዳት ተባለ፤ ሲሳይ ቲኬት ቆረጠ። በበረረበት ቀን እኔ ሮቢንስዴል ከተማ፣ አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት ሥራ ገብቼ ነበር። ብሬክ ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አሙቄ የሲሳይን ስልክ ስጠብቅ ሜሮን ደወለች። ባላነሳው ትጠረጥራለች፣ አነሳሁት።

«እትዬ፣ እማዬ ስልክ አታነሳም።»

ኔትወርክ ይሆናል አልኳት። ሲሳይም ስልኩን ዘግቷል አለች። ሥራ ላይ ይሆናል አልኳት።

«ወደኔ እየመጣ ነው አይደል?»

ስንት ዓመት ሄዶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ከተነሳ መምጣቱ ራሱ መርዶ ነው። ስንመካከር ይህን ያሰበ አልነበረም። እናቴ አደራ ያለችኝ ልጅ ይኸው ብቻዋን ቁጭ ብላ ሰማች።

«እስኪደርስ ምንም እንዳትነግሪኝ፤ ስልኩን ግን አትዝጊው» አለችኝ።

ስንት እንደቆየን አላውቅም። ወደ ሥራዬም አልተመለስኩም። ትንፋሿን እየሰማሁ በረዶው መስታወቱን ሲሸፍነው አያለሁ። በመጨረሻ በሯ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ሲሳይ በስሟ ተጣራ።

«ክፈቺለት፣ እህቴ» አልኳት።

«ካልከፈትኩለት እኮ እማዬ በሕይወት አለች።»

ሲሳይ ደግሞ አንኳኳ። እኔም ሁለተኛ ክፈቺ ማለት አቃተኝ።