የባሕሪው ምላጭ

«ታራሚ ሙያ ተምሮ ይውጣ፤ ሲወጣም ሥራ አንንፈገው» እያልኩ ሰንበቴውን ሳስቸግር የኖርኩ ሰው ነኝ። ታዲያ እስር ቤት ፀጉር ማስተካከል የተማረ ያገራችን ልጅ በስደት በምንኖርበት ባሕሪ ሰፈር ሱቅ ሲከፍት፣ ማኅበርተኞቼ ከባለሦስት እግር ረክሻዬ አውርደው «በል፣ አንተ ቅደም!» ብለው አስገቡኝ። እነሱ በር ላይ ቀሩ።

ልጁ «አህለን ጋሼ» ብሎ አስቀመጠኝ። አረፋ ቀባኝና ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈ። እጁስ ቀላል ነው፤ ወሬ ለማስጀመር ያህል ጠየቅኩት።

«ለመሆኑ ምን አጥፍተህ ነው የታሰርከው?»

«ረክሻ ሰርቄ።»

«አይ ልጅነት! የእኔንም ወስደውብኝ ነበር። ከስሼ ሌባው ተያዘ፣ ረክሻዬም ተመለሰልኝ። ፊቱን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም።»

ፈገግ አለ።

«እኔ ግን በቡሊስ ጣቢያው መስኮት አይቼዎታለሁ ጋሼ። አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ።»