ጨው የሌለው ደቦ

ትናንት ከሰዓት ባሕር ዳር አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነበር። ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራዬ የቅጥር ማስታወቂያ እያነበብኩ መዞር፣ ሲደክመኝ ደግሞ ሻይ መጠጣት ነው። አስተናጋጇ ከሻዩ ጋር በትንሽ ሳህን የተቆላ ሽንብራ አመጣችልኝ። ግድግዳው ላይ "ጤናማ የቤት መክሰስ" ተብሎ ተለጥፏል። ሽንብራው ጨው በጨው ነው። የቅመም ሻይ የተባለው ደግሞ ቀረፋ በአጠገቡ ያለፈም አይመስልም።

"ይሄን ቀምሰሽዋል?" አልኳት።

"እኔ? እኔ ምን አገባኝ፣ ያንቺ እኮ ነው" አለችና ደንግጣ ሄደች።

እውነቷን ነው፤ ካፌ ውስጥ ማንም ቀምሶ አይሰጥም። እኔ ግን ያደግኩት ባለቤቱ ሳይቀምሰው እንግዳ እጁን በማይሰድበት አገር ነው። ይሄንኑ እያሰብኩ እማዬ ደወለች። "ሩዙ ደርሷል፣ ቅዳሜ ደቦ ጠርተናል፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ገዝተሽ ነይ" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጨመረች። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የዚያን ዓመቱን ደቦ ካላወራሁ አይገባችሁም።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ወረታ ከተማው ዳር ነው፣ እርሻችን ቁሐር ሚካኤል። ክረምት ላይ ውሃው ሜዳውን ሞልቶ ከብቱ እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይግጣል። ኅዳር ሲገባ ውሃው ይሸሻል፤ ጥቁሩ መሬት እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሩዙም ይበስላል። ያን ሰሞን ወረታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከወፍጮ ቤቶቹ የሚወጣው የሩዝ ገለባ አቧራ ፀጉር ላይ፣ ደብተር ላይ፣ ምላስ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ሩዝ እንደኔ ትዕግሥት የለውም። ደርሶ ካላጨዱት ይረግፋል፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይተኛና እዚያው ጭቃው ላይ ይበቅላል።

በዚያ ሰሞን ነው አባዬ ከሰው ደቦ ሲመለስ ነስሮት የመጣው። ጋቢው ደም በደም ሆኗል። እማዬ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሐኪሟ ደም ብዛት ነው አለች፤ ጨው ይቅር፣ ጠላና አረቄ ይቅር፣ ቅባት ይቀነስ፣ ይሄን ክኒን ጠዋት ጠዋት ይዋጥ። "አለዚያ አንድ ቀን እንደቆሙ ይወድቃሉ" አለችው። አባዬ ከግቢው ሲወጣ መጀመሪያ የተናገረው፦

"ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ!"

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ደቦ ብድር ነው። ዛሬ ያጨደልህን ነገ ታጭድለታለህ። የታመመ ሰው መመለስ ስለማይችል ቢጠራም የሚመጡለት አዝነውለት ነው። አባዬ ደግሞ ሰው ከሚያዝንለት ጨው በልቶ ቢወድቅ ይመርጣል።

እማዬ አልተከራከረችውም። ዝም ብላ ምግቡን ቀየረችው። ጾመ ነቢያት ስለነበር ሥጋና ቅቤ በራሱ የለም። የምስር ክኩን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮሰረት ትሠራውና ከእሳት ስታወርደው ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ሎሚው ጨዉን ያስረሳል። ዳቦ ቆሎውን ያለ ዘይት፣ ያለ ጨው፣ ሊጡን ከጥቁር አዝሙድ ጋር ለውሳ ነው የምታዘጋጀው። እያድበለበሉ መቆራረጡ የኔ ድርሻ ነበር። ጣቴ እስኪደነዝዝ! ሻዩ ግን፣ የሻዩ ነገር ሌላ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቀጥቀጥ የተደረገ ኮረሪማና ዝንጅብል ከነልጣጩ አብረው ይንተከተካሉ። ሻይ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ቆንጠር ተደርጎ ይገባል። ስኳሯ ትንሽ ናት፤ ሽታው ይበቃል። አባዬ በመጀመሪያው ቀን "ይሄ የከብት ነው" ብሎ ሳህኑን ገፋው። በማግስቱ ርቦት በላ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ማለት ሲገባው፣ ከሐይቁ በኩል ደመና ተነሳ። ሩዛችን ቆሟል። አባዬ በዚያው ምሽት ከቤት ቤት ዞሮ ለማግስቱ ደቦ ጠራና ተመለሰ።

"ጠላ የለንም" አለች እማዬ። "በአንድ ቀን አይደርስልኝም።"

"አረቄ ይገዛላ።"

"ይገዛ። ማን ሊቀምሰው ነው?"

በኛ አገር ባለ ደቦው ከማዕዱም ከመጠጡም ቀድሞ ይቀምሳል። ሰው ሁሉ አፉን ያያል። እሱ ሳይውጥ ማንም አይነካም። ቀምሶ መትፋት የለ፣ ለይምሰል ከንፈር ማስነካት የለ።

እኔ ቸኮልኩ። "ምን ችግር አለው? ሁለት ድስት መሥራት ነው! ለነሱ በጨው፣ ለአባዬ ያለ ጨው።"

"እሺ የኔ ብልጥ፣ አባትሽ ሰው ፊት የሚቀምሰው ከየትኛው ድስት ነው?" አለችኝ።

አባዬ "ይታዘቡናል" አለ።

"ይታዘቡን" አለች እማዬ፣ ለንፍሮ የሚሆነውን ሽንብራ ውሃ ውስጥ እየከተተች።

በማግስቱ ሰዎቹ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ማሳው ውስጥ ገቡ። እኩለ ቀን ላይ እማዬ እንቅቡን፣ እኔ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ተሸክመን ደረስን። ደመናው እስከ ጣራ ገዳም ተራራ ድረስ ተዘርግቷል። ማሳው ደግሞ ገና ግማሹ አልታጨደም። እማዬ እንቅቡን ከፈተች፤ ንፍሮ፣ የምስር ወጥ በእንጀራ፣ ዳቦ ቆሎ። እኔ ኩባያ መደርደር ጀመርኩ።

ሞላ የሚባል፣ ገና ያገባ፣ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ ነበር። ንፍሮውን እንዳየ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ።

"ጎበዝ፣ እግዜር ያጥናችሁ! ንፍሮና ሻይ መጣ። ማን ሞቶብን ነው?"

ሳቁ። ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነዋ። ግን ሳቁ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። አንዱ ማጭዱን በሣር ጠራርጎ ወገቡ ላይ ሻጠው። ማጭድ ወገብ ላይ ከተሻጠ ሰውየው ሊሄድ ነው። አንድ ሰው ከሄደ ሌላው ይከተላል፣ የቀረውን ሩዝ ደግሞ ዝናቡ ይወስደዋል። እማዬ ፊቷ ጠቆረ።

የደቦው አለቃ አያ ይግዛው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወደ አባዬ ዞረው፣ "ወንዴ፣ ምን በድለንህ ነው? ጠላም የለ፣ አረቄም የለ። ከተቀየምከን ንገረንና እንታረቅ" አሉት።

አባዬ "ሴትዮዋ ናት እንጂ..." ብሎ ሲጀምር የእማዬን ዓይን አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ።

"ማንም አልሞተም! እንዳይሞት ነው እንጂ!"

"አንቺ ልጅ!" አለች እማዬ። አልተመለስኩም።

"ጨው ተከልክሏል። ጠላ ተከልክሏል። እሱ ካልቀመሰ እናንተ አትበሉም፤ ስለዚህ እሱ የሚችለውን ለሁላችሁም ሠራን። ካልፈለጋችሁ ተዉት፣ ሩዙን እኔና እማዬ እናጭደዋለን!"

እናጭደዋለን ያልኩት ጉራ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አንድ ነዶ በወጉ ማሰር አልችልም።

አያ ይግዛው እኔን ትተው አባዬን አዩት። "እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው" አለ አባዬ መሬት መሬቱን እያየ። "ደም ብዛት ነው አሉኝ። ጉልበታችሁን ዘንድሮ መመለሴን እንጃ።"

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። "ታዲያ እኔ ክኒኔን ጎተራ ሥር የምደብቀው ለማን ይመስልሃል? ለአይጧ?"

"እንዴ! አያ ይግዛው!" ብሎ ሞላ ጮኸ። "በቀደም እኛ ቤት ያን ሁሉ ጠላ የጨለጡት እርስዎ አይደሉም?"

"ታዲያ ምን ልበል? ታምሜያለሁ ብዬ ላንተ ወሬ ልሁን?"

ይሄኔ የተሳቀው ሳቅ ሌላ ነበር። ማጭዱን የሻጠው ሰውዬ ራሱ እየሳቀ መልሶ አወጣውና መሬት ላይ አስቀመጠው። አያ ይግዛው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። "በል ወንዴ፣ ራበን። ባለቤት ይቅመስ።"

ኩባያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባዬ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አሸተተው፣ ፉት አለ። ንፍሮውን ቆነጠረ፣ ከወጡም ጎረሰ። ሰው ሁሉ አፉን ያያል።

"ጨው የለውም" አለ። ቀጠለና፣ "ግን አንጀት ያርሳል።"

በሉት። ከእንቅቡ ሥር ፍርፋሪ አልቀረም። ሞላ ዳቦ ቆሎ በእፍኙ ዘግኖ ኪሱ ሲከት ያዝኩት።

"ለለቅሶው ነው?" አልኩት።

"ለሚስቴ ላሳያት ነው። የሷ ዳቦ ቆሎ ጥርስ ይሰብራል፤ እንዳትነግሪያት!"

ከዚያ በኋላ ያጨዱት አስተጫጨድ! የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ክንዴ ላይ ሲያርፍ የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ እየወጣ ነበር። ስንመለስ አባዬ ከአያ ይግዛው ጎን እየሄደ "እንዴት አድርጌ ልመልስ?" ሲላቸው ሰማሁ። "ቀምሰህ ትመልሳለህ" አሉት። የምር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሰው ደቦ ጨው የሌለው አንድ ድስት ለብቻው መቅረብ ጀመረ፤ እሱን የሚቀምሰው አባዬ ነው፣ እንደሱ ጨው ተከልክለው ከጎኑ የሚቀመጡት ደግሞ እየበዙ ሄዱ። ጠላው ቀረ አልልም፤ አልቀረም። ሻዩ ግን ተለመደ።

አሁን እማዬ በስልክ የጨመረችውን ልንገራችሁ። "አባትሽ ዘንድሮ እሷ ትቅመስ ብሏል" ነው ያለችኝ።

"ለምን? አሞታል?"

"ኧረ ደህና ነው። ባለቤት ትሁን አለ። ሌላ ምንም አላለም።"

ሽንብራው ፊቴ ተቀምጦ ቀረ። ተምሬ የተመረቅኩት ከዚያ ማሳ ለመውጣት ነበር፤ ይሄን አባዬም ያውቃል። ስለሚያውቅ ሊያስቀረኝ ነው የጠራኝ፣ ወይም ደግሞ ደክሞታል። ሁለቱም ደስ አይሉኝም። ሥራ ባገኘሁ ቀን እሄዳለሁ፤ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ መደበቅ አልችልበትም። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ግን ገዝቻለሁ፤ ቦርሳዬ በሙሉ ሸቷል። ነገ በማለዳው መኪና በሐሙሲት አድርጌ ወረታ እገባለሁ።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ አፌን ሲያይ እቀምሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስገድደዋለሁ፤ አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ ውጬ ሳልጨርስ "ጨው የለውም" የሚለው እሱ ነው።